ከየቤቱ የሚዋጣ ስሌት

እህል ያለው እህሉን፣ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፣ ጉልበት ያለውም ጉልበቱን ለሌላው ማካፈሉ ከጥንት ጀምሮ በሰው ልጅ ዘንድ የታወቀና የተመሰገነ ምግባር ነው። በእኛ ዘመን ግን አባቶቻችን ሊያስቡት የማይችሉት አንድ ሌላ የስጦታ ዓይነት በዚህ ላይ ተጨምሯል፤ ይኸውም በየሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ባለቤቱ በማይሠራበት ሰዓት በከንቱ የሚያሳልፈውን የማስላት ኃይል፣ የከዋክብትን ምሥጢር ለሚመረምሩ፣ ለደዌ መድኃኒት ለሚሹና የዝናብን አመጣጥ ለሚያጠኑ ሊቃውንት በበጎ ፈቃድ መስጠት ነው። ከአንድ ቤት የሚገኘው ስጦታ ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሥርዓት ሲከፋፈል፣ በጥንቃቄ ሲመረመርና በመጨረሻ አንድ ላይ ሲሰበሰብ፣ ታላላቅ መንግሥታት በብዙ ገንዘብ ካቆሟቸው መሣሪያዎች የሚስተካከል፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ ሥራ እንደሚሠራ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በተግባር ታይቷል። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን፣ እስካሁን ምን እንዳስገኘና ለሰጪውም ምን እንደሚያስከፍለው ለአንባብያን ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራ የፈታ ኃይል፣ ኃይል ያጣ ሥራ

አንድ ተራ የቤት ኮምፒዩተር በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የሒሳብ ሥራዎችን ለማከናወን ይችላል። ባለቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍበት፣ ዜና ሲያነብበት ወይም ዘፈን ሲያዳምጥበት ግን ከዚህ ሁሉ ኃይል በሥራ ላይ የሚውለው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የሰው ጣት አንዱን ፊደል ነክቶ ወደሚቀጥለው እስኪሻገር ድረስ ባለው ቅጽበት እንኳ በሚሊዮን ለሚቆጠር ስሌት የሚበቃ ጊዜ ያልፋል፤ ባለቤቱ ምሳውን ሊበላ ሲነሣ ወይም ማታ ሳያጠፋው ሲተኛማ ኃይሉ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

በሌላው ወገን ደግሞ ጥያቄያቸው ከባድ፣ ስሌታቸውም ረዥም የሆነባቸው ተመራማሪዎች አሉ። የአንድ ፕሮቲን እንቅስቃሴ ወይም የአንድ አህጉር የአየር ጠባይ በአንድ ኮምፒዩተር ይሰላ ቢባል፣ ጥያቄውን የጀመረው ሊቅ መልሱን ለማየት ዕድሜው አይበቃውም። ሱፐር ኮምፒዩተር የሚባሉት ግዙፍ መሣሪያዎች ደግሞ ዋጋቸው ከፍ ያለ፣ ቁጥራቸው ውስን፣ ተራ ጠባቂያቸውም ብዙ ስለሆነ፣ ስንት መልካም ጥያቄ የሚያሰላለት አጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። ኢንተርኔት በሰፊው እስኪዘረጋ ድረስ፣ ሥራ የፈታውን ኃይልና ኃይል ያጣውን ሥራ የሚያገናኝ መንገድ አልነበረም።

መንገዱ እንደተከፈተ መጀመሪያ የተጓዙበት የሒሳብ ወዳጆች ናቸው። በጃንዋሪ 1996 ጆርጅ ዎልትማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጂምፕስ የተባለውን ኅብረት መሠረተ። የኅብረቱ ዓላማ በ17ኛው ምዕት ዓመት በነበረው ፈረንሳዊ መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም የሚጠሩትን፣ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ሌላ አካፋይ የሌላቸውን ታላላቅ ቁጥሮች መፈለግ ነው። ኅብረቱ እስከ ዛሬ ሥራውን አላቋረጠም፤ በኦክቶበር 2024 ያስታወቀው ቁጥር፣ 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ሲሆን፣ 41,024,320 አኃዞች አሉት። በአንድ ገጽ ላይ 3,000 አኃዝ እየተደረገ ቢታተም መጽሐፉ ከ13,600 ገጽ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ሰማይን ያዳመጡ ሚሊዮኖች

ይሁን እንጂ ይህን በጎ ፈቃድ ከሒሳብ ወዳጆች ማኅበር አውጥቶ በዓለም ሕዝብ ፊት ያቆመው፣ በሜይ 17 ቀን 1999 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተጀመረው ሴቲ አት ሆም የተባለው ሥራ ነው። ዴቪድ ጌዲ ያፈለቀውን ሐሳብ ይዘው፣ የኮምፒዩተር ሊቁ ዴቪድ አንደርሰንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዳን ዌርቲመር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያነሡት ጥያቄ፣ ከምድራችን ውጭ አእምሮ ያለው ፍጡር ይኖር እንደሆነ፣ ካለም በሬዲዮ ሞገድ የሚልከው ምልክት ወደ እኛ ይደርስ እንደሆነ የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የሊቁንም የተራውንም ሰው ልቡና የሚነካ በመሆኑ፣ ሥራው በቆየባቸው ዓመታት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን ሰጥተውበታል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ መመልከት የዚህን ሁሉ ዘዴ ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ በአረሲቦ፣ በኮረብቶች መካከል ባለ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የተነጠፈ፣ ስፋቱ 305 ሜትር የሆነ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነበር። ሳሕኑ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ልብ ሊዞር አይችልም፤ ምድር ስትዞር አብሯት እየዞረ በላዩ የሚያልፈውን ሰማይ ያዳምጣል። የተሰማው ሁሉ በቴፕ ይቀረጽና፣ የዚያ ዘመን የኢንተርኔት መስመር ይህን ያህል ሸክም ሊሸከም ስለማይችል፣ ቴፖቹ በፖስታ ወደ በርክሌይ ይላኩ ነበር። በዚያም በፍጥረተ ዓለም እጅግ የበዛው ሃይድሮጅን ከሚያሰማው፣ 1,420 ሜጋ ኸርዝ ከሚሆነው ሞገድ ዙሪያ የተወሰደው ቅጂ በ256 ቀጫጭን መደቦች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም መደብ 107 ሴኮንድ ያህል ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ይቆረጣል። አንዱ ቁራጭ 350 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፤ ዛሬ በስልክ ከሚነሣ ፎቶግራፍ ያንሳል።

ይህች ትንሽ ቁራጭ ወደ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት ስትደርስ ግን ኮምፒዩተሩን ለብዙ ሰዓታት ታሠራዋለች። ምድርም ምናልባትም ምልክቱ የመጣበት ዓለም የሚሽከረከሩ በመሆናቸው፣ የሞገዱ ድግግሞሽ ጥቂት በጥቂት እየተንሸራተተ ይመጣል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ መንሸራተቱን በሺሕ በሚቆጠር ልዩ ልዩ መጠን እያረመ፣ በእያንዳንዱ እርማት ከጩኸቱ መካከል ጎላ ብሎ የሚወጣ ምልክት መኖሩን ይፈትሻል። በሰማይ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ በቴሌስኮፑ ፊት ለማለፍ 12 ሴኮንድ ያህል ስለሚወስድባት፣ ከሰማይ የመጣ ምልክት ቀስ ብሎ ከፍ ሊል፣ መካከል ላይ ሊበረታ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ሊደክም ይገባዋል፤ ከምድር ማሠራጫ ወይም ከአውሮፕላን የተነሣ ጩኸት ግን ይህን ሥርዓት አይጠብቅም። ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው ይህን ወጥቶ የሚወርድ ቅርጽ ነው፤ ያገኘውን በጥቂት መስመር ጽፎ ወደ በርክሌይ ይመልስና ሌላ ቁራጭ ይቀበላል።

ከሌላ ዓለም ለመምጣቱ የተረጋገጠ ምልክት እስካሁን አልተገኘም። ሊቃውንቱ በማርች 31 ቀን 2020 አዲስ ቁራጭ ማከፋፈላቸውን አቁመው ከሃያ ዓመት በላይ የተሰበሰበውን ውጤት ወደ መመርመር ተሻገሩ፤ የአረሲቦው ቴሌስኮፕም በዚያው ዓመት በዲሴምበር 1 ቀን ተደርምሶ ወደቀ። የፍለጋው ዘዴ ግን ለሌሎች ሊቃውንት ተርፏል። አንደርሰን ከ2002 ጀምሮ ያዘጋጀው ቦይንክ የተባለው ፕሮግራም፣ ሰማይን ለማዳመጥ የተፈጠረውን አሠራር ማንኛውም ተመራማሪ ለገዛ ጥያቄው እንዲጠቀምበት አድርጎ በነጻ አቀረበው፤ ዛሬ በዚህ መስክ ካሉት ሥራዎች አብዛኞቹ በእርሱ የሚካሄዱ ናቸው።

የሚከፈልና የማይከፈል ሥራ

ማንኛውም ስሌት እንዲህ ተቆራርጦ ለሕዝብ ሊታደል ይችላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሞተ ሰው ዳዊት ሲደገም፣ ካህናቱ 150ውን መዝሙር ተካፍለው ሁሉም በአንድ ጊዜ የየድርሻቸውን ሲደግሙ፣ ለአንድ ሰው ብዙ ሰዓት የሚፈጀው መዝሙር ባጭር ጊዜ ይደርሳል። ይህም የሚሆነው እያንዳንዱ መዝሙር በራሱ ምሉእ ስለሆነና፣ አንዱ ደጋሚ የሌላውን ፍጻሜ ሳይጠብቅ የራሱን ለመጀመር ስለሚችል ነው። ቅዳሴ ግን እንዲህ ሊከፈል አይችልም፤ የኋለኛው ክፍል የፊተኛውን ተከትሎ የሚመጣ በመሆኑ፣ ካህናቱ ቢበዙም ሰዓቱ አያጥርም። የስሌትም ሥራ በእነዚሁ በሁለት ወገኖች የሚመደብ ነው፤ ከቤት ወደ ቤት ሊታደል የሚችለው እንደ ዳዊት ያለው፣ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ሳይጠባበቁ የሚፈጸሙት ነው።

ሁለተኛም ሁኔታ አለ። ለእያንዳንዱ ክፍል በኢንተርኔት የሚላከው ነገር ጥቂት፣ በቤት የሚሠራው ስሌት ግን ብዙ መሆን አለበት። ከላይ እንዳየነው የሴቲ አት ሆም ቁራጭ መጠኗ ትንሽ ሳለ ሥራዋ ግን ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ ስሌት ብዙ ጊጋ ባይት መላክ የሚያስፈልገው ጥያቄ ከሆነ ግን፣ ማመላለሻው ከሥራው ስለሚበልጥ ለዚህ ዘዴ አይመችም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ የእምነት ጉዳይ ነው። ሊቁ የስሌቱን ክፍል የሚልከው ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሰው ነው። የዚያ ሰው ኮምፒዩተር በሙቀት ብዛት ሊሳሳት ይችላል፤ በጎ ፈቃደኞች ለሠሩት ስሌት ነጥብ ስለሚቆጠርላቸውም፣ ነጥቡ ምንም የገንዘብ ዋጋ ሳይኖረው እንኳ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ የሚልክ አይጠፋም። የሳይንስ እውነት ደግሞ በግምትና በይሉኝታ የሚቀበሉት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ክፍል እርስ በርሳቸው ለማይተዋወቁ ለሁለት ሰዎች ኮምፒዩተሮች ይላካል፤ ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ይጸድቃሉ፤ ካልተስማሙ ወደ ሦስተኛ ይሄዳል። ሁለት ምስክር ሳይስማማ ነገር አይጸናምና፣ ማንንም ሳይጠረጥሩ፣ ማንንም በጭፍን ሳያምኑ፣ የብዙ እንግዶችን ሥራ አንድ አስተማማኝ ውጤት የሚያደርገው ይህ ሥርዓት ነው።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ በጉልህ የታየው በ2010 ነው። የስበት ሞገድን ለመፈለግ በፌብሩዋሪ 2005 የተቋቋመው፣ ኋላም ፐልሳር የሚባሉትን እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጩ ሙት ከዋክብት መፈለግን የጨመረው፣ በጀርመኑ የማክስ ፕላንክ ተቋምና በአሜሪካው የዊስኮንሲን ሚልዋኪ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው አይንስታይን አት ሆም፣ በአረሲቦ ከተቀረጸው መረጃ መካከል በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው አንድ ፐልሳር አገኘ። ምልክቱን ያወጡት ሁለት ኮምፒዩተሮች ናቸው፤ አንደኛው በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት የሚኖሩ የባልና የሚስት፣ ሁለተኛው በጀርመን አገር በማይንዝ ከተማ የሚኖር የአንድ ሰው ነበር። ውቅያኖስ የለያቸው፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሰማያዊ አካል ላይ ምስክርነታቸው ገጠመ፤ ግኝቱም ሳይንስ በተባለው መጽሔት በኦገስት 2010 ሲታተም የእነርሱ ድርሻ አብሮ ተመዘገበ።

ሰዓትን የሚከፋፍል ጥበብ

ከላይ እንደተባለው እንደ ቅዳሴ ያለው ሥራ አይከፈልም። በሰውነታችን ውስጥ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ጉዳይ ይህን ችግር ያሳያል። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተቀጠለ ረዥም ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራውን ለመሥራት የሚችለው በተወሰነ መልክ ሲታጠፍ ብቻ ነው፤ አተጣጠፉ ሲበላሽ እንደ አልዛይመር ካሉ ደዌዎች ጋር የተያያዘ ጥፋት ይመጣል። ይህን መታጠፍ በኮምፒዩተር ለመከታተል የእያንዳንዱን አቶም ቦታ በየቅጽበቱ ማስላት ያስፈልጋል፤ አንዱ ቅጽበት ግን ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ እንቅስቃሴ ለማየት 500 ቢሊዮን ያህል እርምጃ ይፈለጋል፤ እያንዳንዱም እርምጃ ከእርሱ በፊት ያለውን ይጠብቃል።

በኦክቶበር 2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቪጃይ ፓንዴ መሪነት የተጀመረው ፎልዲንግ አት ሆም ይህን ያለፈው በሚያስደንቅ ዘዴ ነው። ረዥሙን ጉዞ አንድ ኮምፒዩተር ከዳር እስከ ዳር እንዲጓዘው ከማድረግ ይልቅ፣ ከልዩ ልዩ መነሻ የሚጀምሩ እጅግ ብዙ አጫጭር ጉዞዎችን ለየቤቱ ያከፋፍላል። ከዚያም ፕሮቲኑ ከየትኛው ቅርጽ ወደ የትኛው ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደተሻገረ በመቁጠር፣ ሊቃውንቱ የሙሉውን ጉዞ ካርታ ያወጣሉ። የማይከፈል የነበረው ሰዓት እንዲህ በጥበብ ተከፈለ።

በማርች 2020 የኮሮና ቫይረስ ዓለምን ባስጨነቀበት ወራት፣ ይህ ሥራ በግሬግ ቦውማን መሪነት የቫይረሱን ፕሮቲኖች ማጥናት ሲጀምር፣ ከቤቱ እንዳይወጣ የታዘዘው ሕዝብ ኮምፒዩተሩን ይዞ መጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ገቡ፤ የረዳቱ ብዛት ከሥራ አዳዮቹ አቅም በላይ በመሆኑም ብዙዎች የሚሠሩት ክፍል እስኪደርሳቸው ተራ ይጠብቁ ነበር። የኅብረቱ ኃይል በሴኮንድ 1 ተከትሎት 18 ዜሮ የሚጻፍ ስሌት ለማከናወን ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ ይህን ወሰን ያለፈ አንድም ሱፐር ኮምፒዩተር በዓለም ላይ አልነበረም። ከስሌቱም የቫይረሱ እሾህ መሰል ፕሮቲን የሰውን ሕዋስ ለመያዝ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ በፕሮቲኖቹም ላይ በተለመደው ሥዕል የማይታዩ፣ መድኃኒት ሊያርፍባቸው የሚችሉ ኅቡእ ጎድጓዳዎች እንዳሉ ታወቀ። እርግጥ ስሌት ራሱ መድኃኒት አይደለም፤ በላቦራቶሪ መፈተን፣ በሕሙማን ላይ በጥንቃቄ መሞከር ይቀራል። ከብዙ ሚሊዮን የሚቻሉ ነገሮች መካከል ጥቂቶቹን ለይቶ ለፈታኙ ማቅረብ ግን ራሱ ታላቅ ረድኤት ነው። ለምሳሌ ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በተባለው ኅብረት አማካይነት የሠሩት የጃፓን የቺባ ተመራማሪዎች፣ ኒውሮብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት ካንሰር ለመዋጋት ከ3 ሚሊዮን ያህል ውሕዶች መካከል ተስፋ የሚሰጡ 7 መርጠው በ2014 ለማስታወቅ የቻሉት በዚህ መንገድ ነው።

የአፍሪካ ዝናብ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበው ሥራ የሚገኘው በዚሁ በወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ውስጥ ነው። ይህን ኅብረት በ2004 ያቋቋመው አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ከ2021 ወዲህ የሚመራው በካናዳ በቶሮንቶ የሚገኘው የክሬምቢል የምርምር ተቋም ነው። በ2019 የኔዘርላንድ የደልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በዚህ ኅብረት ውስጥ የአፍሪካን ዝናብ የሚያጠና ሥራ ጀመሩ።

ጥያቄው የተነሣበት ምክንያት ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። ሀገራችንም የምትገኝበት ከሰሐራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል እርሻው በአብዛኛው ዝናብ የሚጠብቅ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ደመና ነው፤ በአንዱ ቀበሌ አጥለቅልቆ ጎረቤቱን ሳይነካ የሚያልፈውን የበልግና የክረምት ዝናብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዓለምን በሙሉ የሚያሰሉት የአየር ጠባይ ፕሮግራሞች ግን ምድርን በትላልቅ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ስለሚያዩ፣ እንዲህ ያለው ደመና ከዓይናቸው ያመልጣል። ስለዚህ የደልፍት ሊቃውንት አካባቢውን በሙሉ 52 ኪሎ ሜትር በ52 ኪሎ ሜትር በሆኑ፣ ጠርዛቸው እርስ በርሱ በሚደራረብ ከ35,000 በላይ አራት ማዕዘኖች ከፍለው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የአየሩን ሁኔታ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ለማስላት ተነሡ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከላይ የተለያዩት ሁለቱ ወገኖች አብረው ይገኛሉ። አራት ማዕዘኖቹ እንደ መዝሙሮች ናቸው፤ የወለጋው የጎጃሙን ሳይጠብቅ በተለያየ አገር በሚኖሩ ሰዎች ቤት ይሰላል። የእያንዳንዱ ስፍራ ቀናት ግን እንደ ቅዳሴ ተከታታይ ናቸው፤ አንዱ በጎ ፈቃደኛ የ48 ሰዓቱን አየር አስልቶ ሲመልስ፣ የእርሱ ፍጻሜ ለሚቀጥለው 48 ሰዓት መነሻ ሆኖ ምናልባት በሌላ አህጉር ላለ ሰው ይላካል፤ የአንድ ዓመት አየርም እንዲህ እየተቀባበሉ ይፈጸማል። ውጤቱ ከመሬት መለኪያዎችና ከሳተላይት ከሚገኘው መረጃ ጋር ሲተያይ፣ ስለ ዝናባችን ያለን ዕውቀት እንዲሻሻል ተስፋ ይደረጋል። ከዚህ ቀደምም በስዊስ የትሮፒካል ተቋም ሊቃውንት የተመራ ወባን የሚያጠና ተመሳሳይ ሥራ ነበር፤ አጎበር፣ ሕክምናና ክትባት በአንድ ሕዝብ ላይ የበሽታውን መዛመት እንዴት እንደሚለውጡት በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ያሰላ ነበር።

ለመስጠት የሚያስብ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

ይህ ስጦታ ያለ ወጪ ነው ብሎ መናገር ከእውነት መራቅ ይሆናል። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ በሙሉ ኃይሉ የሚያሰላ ግን ብዙ ይወስዳል። 100 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢሠራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰጪው ይህን በሚኖርበት አገር ታሪፍ አባዝቶ ዋጋውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። የተወሰደው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ሁሉም ሙቀት ስለሚሆን፣ የሚኖሩበትም አገር ነገሩን ይለውጠዋል፤ በስዊድን ወይም በሚኒሶታ ክረምት የሚኖር ወገናችን ያ ሙቀት ቤቱን በማሞቅ ይረዳዋል፤ በዱባይ ወይም በሪያድ የሚኖረው ግን ኮምፒዩተሩ ያወጣውን ሙቀት በኤር ኮንዲሽነር ለማስወጣት ሁለተኛ ይከፍላል። ለዚህ ሥራ ብሎ አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት አያስፈልግም፤ የስጦታው መንፈስ ያለውንና የተረፈውን ማካፈል ነው።

አፈጻጸሙ ግን ቀላል ነው። ሰጪው ቦይንክን ወይም የመረጠውን ሥራ ፕሮግራም ከራሱ ከአዘጋጁ ገጽ አውርዶ ይጭናል፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩ ስንት እጅ ኃይሉን እንዲሰጥ፣ በምን ሰዓት እንዲሠራና ባለቤቱ ሲመለስ ወዲያው እንዲያቆም ይወስናል። ላፕቶፕ በቀላሉ ስለሚሞቅ ከኃይሉ ግማሹን ብቻ እንዲሰጥ ማድረግ ይበጃል። ከ2013 ጀምሮ አንድሮይድ ስልኮችም ይህን ለመሥራት ይችላሉ፤ ካልተለወጠ በቀር የሚሠሩትም ቻርጅ ላይ ሲሆኑና በዋይፋይ ሲገናኙ ነው። መብራት ቢጠፋ የተደከመበት ሁሉ ይጠፋል ብሎ የሚሰጋ ካለም፣ ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየጊዜው መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራቱ ሲመጣ በመጨረሻ ከመዘገበበት ስፍራ ይቀጥላል።

ሁለት ነገሮች ግን በጥብቅ መጠበቅ አለባቸው። አንደኛው፣ የመሥሪያ ቤትን ወይም የትምህርት ቤትን ኮምፒዩተር ያለ ኃላፊው ፈቃድ ለዚህ ሥራ ማዋል አይገባም፤ ኤሌክትሪኩም መሣሪያውም የሌላ ነውና፣ የሰው ንብረት ሰጥቶ ምስጋና መሻት ትሩፋት አይሆንም። ሁለተኛው፣ ምንጩ ካልታወቀ ስፍራ የሚመጣን ፕሮግራም መቀበል አደገኛ ነው፤ የሰውን ኮምፒዩተር ባለቤቱ ሳያውቅ ለገዛ ገንዘባቸው የሚያሠሩ ወንበዴዎች አሉና። ስሌቱ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ በጎ ፈቃድን ከስርቆት የሚለየው ግን ባለቤቱ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራና ለምን እንደሚሠራ አውቆ መፍቀዱ ነው። ስለዚህም ሰጪው የመረጠውን ሥራ ዓላማ ማንበብ፣ የሚያሳትመውን ውጤት መከታተል፣ ውጤቱንም ለሁሉ በግልጽ የሚያካፍል መሆኑን መመልከት ግዴታው ነው እላለሁ።

ሰጪነትና ጠያቂነት

በዚህ ሥራ ኮምፒዩተሩን የሰጠ ሰው በጥበብ ሥራ ውስጥ እውነተኛ ሱታፌ አለው። ዲግሪ አልተጠየቀም፤ ዜግነቱ አልታየም፤ የላከው መልስ ግን እንደ ማንኛውም ሊቅ ሥራ ተፈትኖ ጸድቋል። ለብዙ ዘመን በጥቂት ሀብታም ተቋማት ቅጥር ውስጥ የነበረውን ምርምር ወደ ተራው ሰው ቤት ማድረሱ የዚህ ዘዴ ትልቁ ክብር ነው።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ በርም አለ። ስሌት ለመስጠት የተከፈተው መንገድ ስሌት ለመጠየቅም የተከፈተ ነው። ቦይንክ በነጻ የሚገኝ፣ አሠራሩም ለማንም ግልጽ የሆነ ፕሮግራም ስለሆነ፣ የራሱ ሱፐር ኮምፒዩተር የሌለው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ጥያቄውን ቆራርጦ ለዓለም በጎ ፈቃደኞች ሊያድል ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በደንብ የተቀረጸ ጥያቄ፣ የታረመ ፕሮግራም፣ የታመነ መረጃና ለሰጪዎቹ በየጊዜው መልስ የሚሰጡ ትጉሃን ሰዎች ናቸው። ስለ ስንዴ ዋግ መዛመት፣ ስለ ወባ፣ ስለ በልግ ዝናብ መዘግየት የሚነሡት ጥያቄዎች የእኛ ናቸው፤ እኛ ካልጠየቅናቸውም ሌላው የሚጠይቃቸው እርሱን በሚያሳስበው መልክ ነው።

ስለ ዝናባችን የተጠየቀው ጥያቄ ከደልፍት መነሣቱ ጠያቂዎቹን የሚያስመሰግናቸው ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከመቀሌ ቢነሣ፣ ኮምፒዩተሩን ለማያውቀው ሊቅ የሚሰጠው የማይንዝ ሰው ለእኛም እንደማይከለክለን እስካሁን የታየው ሁሉ ያስረዳል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ለመስጠት ያሰበ ሁሉ ወጪውን አስቦ፣ ሥራውን መርጦ ይስጥ፤ ተማሪዎች ያሉት መምህር ግን ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር ያድርግ፤ ለዓለም ሁሉ ሊከፋፈል የሚገባው የሀገራችን ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ተማሪዎቹን ይጠይቃቸው፣ የሚሰጡትንም መልስ ወደ ሥራ ለማድረስ አብሯቸው ይድከም።